የበዳሶ አንድ ጠርሙስ ውሃ

የፈለገው አንድ ጠርሙስ ውሃ ነበር። ከዚያ በላይ አልፈለገም። ታሪኩ የረዘመው በውሃው አይደለም፤ ውሃው በመጣበት መንገድ ነው።

ሰውዬው በዳሶ ቱፋ ይባላል። ሐይቆቹ አጠገብ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተመራማሪ ነው። ብዙ አይናገርም። ሲናገርም ደብተሩን ከፍ አድርጎ አፉን ይጋርዳል። ባልደረቦቹ ዓይን አፋር ነው ይላሉ። እሱም አይደለሁም ብሏቸው አያውቅም።

አምስት ዓመት የለፋበት ሥራ አንድ በርሜል ውስጥ ይገባል። የከብት አጥንት ሰበሰበ፣ አከሰለው፣ ፈጨው፣ ማጣሪያ ሠራበት። ባደገበት በቡርቃ ቀበሌ የጉድጓዱ ውሃ ሲያዩት ጥሩ ነው፤ ውስጡ ግን ፍሎራይድ የሚባል ነገር በዝቶበታል። እሱን እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል። ሲያረጅ ደግሞ ወገቡ አልታጠፍ ይለዋል። የአጥንቱ ከሰል ፍሎራይዱን እንደሚይዝ በዳሶ ያውቃል። ግን ስላወቀ ብቻ ማንም አያምነውም፤ መለካት አለበት።

ውሃውን በፈለገበት ቀን ማግስት፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት የዓመቱ የምርምር ጉባኤ ነበር። ሳይንሱም፣ ምህንድስናውም፣ ትምህርቱም በአንድ አዳራሽ ይቀርባል። ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ ትልቅ ማጣሪያ ይተከላል ተብሏል። የቡርቃ ቁጥር በጉባኤው ከተነበበ ማጣሪያው የቡርቃ ነው፤ ካልተነበበ ለሌላ ቀበሌ ያልፋል። ናሙናው በብልቃጥ ተቀምጧል፣ መለኪያውም ተዘጋጅቷል። የቀረው መለኪያውን የሚያጥብበት ውሃ ብቻ ነበር፤ ፈልቶ፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ፣ ጠብ ጠብ እያለ የሚወርደው የቤተ ሙከራ ውሃ። ጋራዦች ለመኪና ባትሪ የሚሸጡትን አንድ ጊዜ ሞክሮት ቁጥሩን ሁሉ አበላሽቶበታል።

በጉባኤው ዋዜማ ጠዋት ጠርሙሱን ይዞ ወደ ወይዘሮ አስካለ ሄደ። ወይዘሮ አስካለ ይህን ውሃ የሚያወጣው የማንጠሪያ ማሽን ኃላፊ ናቸው። ማንጠሪያው አረቄ ከሚወጣበት ጋን ብዙም አይለይም፤ እሳቸው ፊት ግን እንዲህ አይባልም።

«ውሃ ነበር» አለ በደብተሩ ጀርባ።

«ውሃማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውጥቻለሁ። አንዲት ቆሻሻ ጠብታ ወጥታብኝ አታውቅም» አሉ። «ዛሬ ግን ገመድ የለኝም። ወፍራሙን ገመድ የዶሮዋ ዶክተር ወስዳዋለች።»

«ሌላ ገመድስ?»

«ቀጭኑን ሰክቼ ሕንፃውን ላቃጥልልህ? ይህን ኃይል የሚችለው ያ አንዱ ነው፣ ልጄ።»

ገመዱ ካልመጣ ማንጠሪያው አይፈላ፤ ማንጠሪያው ካልፈላ ውሃው አይንጠባጠብ፤ ውሃው ካልተንጠባጠበ ቁጥሩ አይነበብ። በዳሶ ጠርሙሱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ዶሮዋ ዶክተር ሄደ።

ዶክተር ሙሉሸዋ አንድ ትልቅ ሳጥን አጠገብ ተቀምጣለች። የእንቁላል ማስፈልፈያ ነው። ወፍራሙ ገመድ ከሳጥኑ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል።

«ገመዱን ለሁለት ሰዓት» አለ በዳሶ።

«መጀመሪያ ጆሮህን እዚህ አድርግ።»

ጆሮውን ሳጥኑ ላይ አደረገ። ውስጡ ቀስ ብሎ ቆር ቆር ይላል።

«ሃያኛ ቀናቸው ነው» አለች። «መቶ ስልሳ እንቁላል። የሀገር ቤቷን ዶሮ ሰባት ትውልድ አዳቅዬ ነው እዚህ የደረስኩት። ሙቀት አይበግራትም፣ በሽታ አይጥላትም። አሁን ሁለት ሰዓት ቢበርዳቸው ሰባቱም ትውልድ ባዶ ቀረ ማለት ነው።»

«እሺ» አለና ዞረ።

«እሺ ብለህ አትሂድ እንጂ፣ አንተ ሰው። ሳጥኑ በባትሪም ይሠራል። ባትሪዬን ምንተስኖት ለባጃጁ ተውሶታል። እሱን አምጣልኝና ገመዱን ውሰድ።»

ባትሪው ካልመጣ ሳጥኑ ገመዱን አይለቅ፤ ገመዱ ካልተለቀቀ ማንጠሪያው አይፈላ፤ ማንጠሪያው ካልፈላ ውሃው አይንጠባጠብ፤ ውሃው ካልተንጠባጠበ ቁጥሩ አይነበብ። በዳሶ ወደ ምህንድስናው ግቢ ሄደ።

ምንተስኖት በፀሐይ ኃይል የምትሄድ ባጃጅ የሠራ መሐንዲስ ነው። እጁ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ባዶ ጋራዥ በር ላይ ቆሟል።

«ባትሪው?» አለ በዳሶ።

«ባጃጇ ውስጥ።»

«ባጃጇስ?»

«ሥራ ላይ ናታ!» ምንተስኖት ደረቱን ነፋ አደረገ። «ጠዋት ወጣች። አንዲት ጠብታ ቤንዚን አልቀመሰችም። ስሠራት መኪና ናት ወይስ ጃንጥላ ብለው የሳቁብኝ ሰዎች ነገ አዳራሽ ውስጥ ያዩኛል።»

«የት ሄደች?»

«ቡርቃ። እጅጋየሁ፣ ያቺ የትምህርት ክፍሏ፣ ራሷ እየነዳች ሄደች። እዚያ ትምህርት ቤት ጥናት አላት። በአራት ሰዓት እመለሳለሁ ብላኝ ነበር፤ ይኸው ስድስት ሆነ።»

በዳሶ ቡርቃ የሚለውን ሲሰማ ደብተሩን ትንሽ ከፍ አደረገ።

«ምነው?» አለው ምንተስኖት።

«ምንም።»

ባጃጇ ካልተመለሰች ባትሪው አይወርድ፤ ባትሪው ካልወረደ ሳጥኑ ገመዱን አይለቅ፤ ገመዱ ካልተለቀቀ ማንጠሪያው አይፈላ፤ ማንጠሪያው ካልፈላ ውሃው አይንጠባጠብ፤ ውሃው ካልተንጠባጠበ ቁጥሩ አይነበብ። በዳሶ ጠርሙሱን እንደያዘ ጋሪ ተሳፈረ።

በአምስቱ ዓመት ውስጥ ለናሙና ቡርቃ ብዙ ጊዜ ሄዷል። ጉድጓዱ ጋ ይደርሳል፣ ይቀዳል፣ ይመለሳል። ትምህርት ቤቱ ከጉድጓዱ ሁለት መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው። እዚያ ግን ገብቶ አያውቅም።

ባጃጇ ዋርካው አጠገብ ፀሐይ ላይ ቆማለች። አራተኛ ክፍል በሩ ክፍት ነው። እጅጋየሁ ሰዓቷንና አንድ ትልቅ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ጥናቷ የንባብ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እሷ ቃላቱን ትቆጥራለች። ፊቷ አግዳሚ ላይ አሥራ አንድ ልጆች ተደርድረዋል። ሁሉም በእጅጌያቸው ወይም በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘዋል።

«ምን ሆነሽ ቀረሽ?» አለ በዳሶ።

«ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ሠላሳ ስምንት ናቸው። ትንንሾቹ፣ ገና የወተት ጥርስ ያላቸው፣ ሃያ ሰባቱ አንብበዋል» አለች። «እነዚህ ግን ይኸው ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ቃል አላወጡም።»

«ዜሮ ብለሽ መሄድ ትችያለሽ።»

«ዜሮ አይደሉማ! ዓይናቸውን እይ፣ መስመሩን ተከትሎ ይሄዳል። በሆዳቸው እያነበቡ ነው። እኔ ውሸት ጽፌ ጉባኤ ፊት አልቆምም፣ በዳሶ። ከፈለግህ እዚህ አሳድረኝ።»

በዳሶ ግድግዳውን አየ። ቀለሙ ተለውጧል፤ ግድግዳው ግን ያው ነው። በዚህ ክፍል አራተኛን ሁለት ጊዜ ተምሯል። መምህሩ አንብብ ሲሉት አፉን አልከፈተም፤ ከፍቶ ያውቃል፣ ክፍሉ ሁሉ ስቆበታል። መምህሩ እዚያ ጥግ አንበረከኩት። በማግስቱም አንበረከኩት። በመጨረሻ መዝገቡ ላይ «ማንበብ አይችልም» ብለው ጻፉ። እንዲህ ተብሎ መጻፉን ማንም አልነገረውም። መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ሲያይ ራሱ ነው ያነበበው።

ልጆቹ ካላነበቡ እጅጋየሁ አትነሳ፤ እጅጋየሁ ካልተነሳች ባጃጇ አትመለስ፤ ባጃጇ ካልተመለሰች ባትሪው አይወርድ፤ ባትሪው ካልወረደ ሳጥኑ ገመዱን አይለቅ፤ ገመዱ ካልተለቀቀ ማንጠሪያው አይፈላ፤ ማንጠሪያው ካልፈላ ውሃው አይንጠባጠብ፤ ውሃው ካልተንጠባጠበ ቁጥሩ አይነበብ። ከዚህ በኋላ የሚሄድበት ሌላ ቤት አልነበረም።

አግዳሚው ጫፍ ላይ ወዳለችው ልጅ ሄዶ ቁጢጥ አለ። ቦንቱ ትባላለች፤ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው።

«ለምን አታነቢም?» አላት በደብተሩ ጀርባ።

ቦንቱ ደብተሩን አየች፤ የያዘበትን እጅ አየች።

«ጋሼ፣ እርስዎም እኮ አይከፍቱም» አለች በእጅጌዋ ውስጥ። «እርስዎ ካልከፈቱ እኛ አንከፍትም።»

ከኋላ አንዱ ልጅ ፍክ ብሎ ሳቀ። እጅጋየሁ ልትቆጣ ቀና ስትል በዳሶ እጁን አነሳና ከለከላት።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ደረሰ። የበዳሶ አፍ ካልተከፈተ ልጆቹ አያነቡ፤ ልጆቹ ካላነበቡ እጅጋየሁ አትነሳ፤ እጅጋየሁ ካልተነሳች ባጃጇ አትመለስ፤ ባጃጇ ካልተመለሰች ባትሪው አይወርድ፤ ባትሪው ካልወረደ ሳጥኑ ገመዱን አይለቅ፤ ገመዱ ካልተለቀቀ ማንጠሪያው አይፈላ፤ ማንጠሪያው ካልፈላ ውሃው አይንጠባጠብ፤ ውሃው ካልተንጠባጠበ ቁጥሩ አይነበብ። ማሽኑን ሁሉ ያቆመው አንድ አፍ ነበር፤ እሱም የራሱ።

በዳሶ ሄዶ ግድግዳው ጥግ ቆመ። እዚያው፣ በተንበረከከበት ቦታ። ደብተሩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። የንባቡን ወረቀት አነሳና አፉን ከፈተ።

ስለ አንዲት ጥጃ ነበር የሚያወራው። ጥጃዋ ትጠፋለች፣ ትፈለጋለች፣ ትገኛለች። በዳሶ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው፣ ሳይቸኩል፣ የበለዘ ጥርሱን ሁሉ እያሳየ አነበበው። ድምፁ መጀመሪያ ሻከረ፤ ጥጃዋ ስትገኝ ግን በረንዳ ድረስ ይሰማ ነበር። እጅጋየሁ ሰዓቱን ማቆም ረሳች።

አንድ ልጅ አንገቱን አስግጎ አየው።

«ከአባቴም ይብሳሉ» አለ።

«ከዚሁ ጉድጓድ ነው የጠጣሁት» አለ በዳሶ።

«የኛ ሰው ኖት?»

«አራተኛ ክፍል፤ ያ አግዳሚ ነበር መቀመጫዬ።»

ልጆቹ አግዳሚውን አዩ። ከዚያ እሱን አዩ። ቦንቱ ተነሳች። እጅጌዋን አወረደች፤ ጥርሷ እንደሱ ነው። «እኔ ልጀምር» አለች። «ጥጃዋን ከእርስዎ ፈጥኜ ነው የማገኛት።»

እውነትም ፈጥና አገኘቻት። ቀጥሎ ያ ከአባቴ ይብሳሉ ያለው፣ ቀጥሎ ሌላዋ፣ ቀጥሎ ሌላው፤ አሥራ አንዱም ጥጃዋን አገኟት።

የበዳሶ አፍ ተከፈተ፣ ልጆቹ አነበቡ። ልጆቹ አነበቡ፣ እጅጋየሁ ተነሳች። እጅጋየሁ ተነሳች፣ ባጃጇ ተመለሰች። መንገድ ላይ በዳሶ ሳይጠየቅ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «ማንበብ አይችልም ብለው አራተኛን አስደገሙኝ» አለ። እጅጋየሁ ባጃጇን እየነዳች ሰማችው። ባጃጇ ተመለሰች፣ ባትሪው ወረደ፤ ምንተስኖት የባጃጇን ጣሪያ እንደ ፈረስ ጀርባ መታ መታ አደረገው። ባትሪው ወረደ፣ ሳጥኑ ገመዱን ለቀቀ። ገመዱ ተለቀቀ፣ ማንጠሪያው ፈላ። ማንጠሪያው ፈላ፣ ውሃው ተንጠባጠበ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠርሙሱ እስኪሞላ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በዳሶ መለኪያውን አጠበ፣ ናሙናውን ለካ።

ያጣራውን ውሃ አንድም ሳይጨምር፣ አንድም ሳይቀንስ ሦስት ጊዜ ለካው። ሦስቴም ያው ነው።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቷል። ዶክተር ሙሉሸዋ ካርቶን ይዛ መጣች፤ ካርቶኑ ይጮሃል፤ አንድ መቶ አርባ ሦስት ጫጩት ወጥቶላታል። ባጃጇ በር ላይ ቆማ ሰው ይከባታል። በዳሶ ተራው ሲደርስ መድረክ ላይ ወጣ፣ ደብተሩን ዘግቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«የቡርቃ ጉድጓድ፣ በሊትር ዘጠኝ ነጥብ ሁለት ሚሊግራም» አለ። «ከማጣሪያው በኋላ፣ ዜሮ ነጥብ ሰባት። ከአንድ ነጥብ አምስት በታች ከሆነ ልጅ ይጠጣዋል። እኔ ዘጠኝ ነጥብ ሁለቱን ነው የጠጣሁት፤ ይኸው ይታያል።» ጥርሱን አሳየና ሳቀ። ባልደረቦቹ ሲስቅ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር።

«መለኪያው የታጠበው በኔ ውሃ ነው» አሉ ወይዘሮ አስካለ ከፊተኛው ረድፍ፣ ለጎረቤታቸው፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ።

ማጣሪያው ለቡርቃ ሆነ። በዳሶ ከመድረክ ሲወርድ እጅጋየሁ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሰጠችው።

«ጥናቱ ውስጥ አይገባም» አለች። «እኔ ውሸት አልጽፍም ብዬህ የለ። ይህ ግን እውነት ነው።»

ወረቀቷ ላይ በእጅጋየሁ ጽሑፍ አንድ መስመር ሰፍሮ ነበር፤ ልክ እንደ ልጆቹ ዝርዝር፣ ስም፣ ክፍል፣ ውጤት።

በዳሶ ቱፋ፣ አራተኛ ክፍል፣ ማንበብ ይችላል።

ወረቀቷን አጣጠፋትና ደብተሩ ውስጥ አስገባት። ነገሩ ይኸው ነው። አፉን የያዘ ካለ ይልቀቀው፤ የኔም ተረት አለቀ።