ግማሽ ስም

አንዲት ቅቤ ነጋዴ መታወቂያዋን ልታሳድስ በማለዳ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደች። ዛሬ ካልታደሰላት የገበያ ቦታዋ ለሌላ ሰው ሊሰጥባት ነው። በአንዱ መስኮት ብትለምን «ቆይ» አሏት፤ በሌላው ቀና ብሎ ያያትም አልነበረም።

ተራዋ ደርሶ ጸሐፊዋ የአባቷን ስም፣ ሙልአታን፣ በእንግሊዝኛ ፊደል (Mul'ata ብላ) ስታስገባ ግን የቢሮው ኮምፒውተሮች በሙሉ ቀጥ አሉ። ደግማ ብትሞክርም ያው ሆነ።

ኃላፊው አቶ አስጨናቂ ከረባታቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ፕሮግራሙን ያሠሩት እሳቸው ስለሆኑ ጥፋት ሊገኝበት አይችልም።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ሰናይት ልታስረዳ ሞከረች። «የአባቷ ስም መካከል ላይ ነጠላ ጥቅስ አለ። ፕሮግራማችን ስም ማለቁን የሚያውቀው በዚያው ምልክት ነው። እዚያ ሲደርስ ስሙ ያለቀ ይመስለውና የቀረውን እንደ ትእዛዝ ይቀበለዋል። ስሙን ከትእዛዙ ለይተን ብንልክለት ግን…»

«ፕሮግራሙ አይነካም!» አሉ አቶ አስጨናቂ። «ስሚ ሴትዮ፣ ወይ ስምሽን ለውጪ፣ ወይ መታወቂያውን እርሺው።»

ሴትዮዋ ኮምፒውተሩን በፍቅር አየችው።

«ኧረ አልለውጥም ጌታዬ! ከማለዳ ጀምሮ እዚህ ቤት ስለምን፣ ቃሌን እንደ ትእዛዝ የተቀበለኝ እሱ ብቻ ነው። ያውም ግማሽ ስሜን ሰምቶ!»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። አቶ አስጨናቂ ወደ ሰናይት ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ «በይ ለይተሽ ላኪለት» አሉ።