ምንም አልሠራሁም ያለው ምሩቅ

«አንድ ምሩቅ ነበረ» አሉ መምህር ይርጋ።

ርብቃ መልስ እንጂ ታሪክ አልጠበቀችም ነበር። መምህር ይርጋ ሁለተኛ ደረጃ ያስተማሯት ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ በረንዳቸው ላይ ጋዜጣ ሲያነቡ አግኝታቸው፣ ገና ሳትቀመጥ ነበር የልቧን የጠየቀቻቸው። «መምህር፣ አብራኝ የተመረቀች ጓደኛዬ ሥራ ይዛለች። በውጤት እኔ እበልጣት ነበር። አሁን ሲቪሽን ስትጽፊ ላግዝሽ ትለኛለች። ሰው ስለ ራሱ ለመጻፍ የሌላ ሰው እርዳታ ሲፈልግ አያሳፍርም? ደግሞስ የሌላ ሰው እጅ ያለበት ወረቀት የእኔ ይባላል?» እሳቸውም ጋዜጣውን አጥፈው፣ ወንበር አሳይተዋት፣ እንዲህ ብለው ቀጠሉ።

አንድ ምሩቅ ነበረ። የተማረው የውሃ ምህንድስና ነው። ሲመረቅ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ እልል ብሎለታል፤ በጋዋን የተነሳው ፎቶግራፍም ሳሎን ውስጥ ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ ግን ወራት አለፉ፤ ሥራ አልተገኘም።

ልጁ ሰነፍ አልነበረም። በማለዳ ተነስቶ የማስታወቂያ ሰሌዳ ያያል፣ በስልኩ ይፈልጋል፣ ያመለክታል። ችግሩ ሲቪው ነበር። የጓደኛውን ገልብጦ፣ ስሙንና የተማረበትን ቦታ ብቻ ቀይሮ የሠራው ነው። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ የሥራ ጫና የሚቋቋም» ይላል። ያ ጓደኛውም ከሌላ ሰው ነበር የገለበጠው። ስለዚህ ያን ወረቀት ያነበበ ሁሉ ሌሎች ብዙ ሰዎችን ያያል እንጂ እሱን አያየውም።

ይባስ ብሎ «የሥራ ልምድ» የሚለው ቦታ ባዶ መሆኑ አስፈራውና ከራሱ አንድ መስመር ጨመረበት። ተማሪ ሳለ ለልምምድ ጥቂት ሳምንታት የቆየበት የግንባታ ድርጅት ነበር፤ እዚያ ሁለት ዓመት እንደሠራ አድርጎ ጻፈ። በዚህ ሲቪ አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠራው። ከጠያቂዎቹ አንዱ «እዚያ ሳለህ የትኛውን ሥራ ነበር የያዝከው?» አለው። ምሩቁ አንድ ሁለት ቃል ጀምሮ መሀል ላይ ተወው። ሰውየው ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፤ ግን አላዋረደውም። «እሺ፣ እናመሰግናለን» ብሎ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማመልከት ተወ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። አባቱ ማታ ማታ «ዛሬስ?» ይሉት ነበር፤ መልስ ሲያጡ እሳቸውም መጠየቁን ተዉት። ፎቶግራፉን ከግድግዳ አወረደው። እናቱ መልሰው ሰቀሉት። ደግሞ አወረደው። እናትየው ይህን ጊዜ ፈሩ። ልጃቸው ከቤት ሳይወጣ እየራቃቸው እንደሆነ ገባቸው።

በዚያው ሰፈር አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ የሚቀጥረውን ክፍል ለብዙ ዘመን የመሩ ናቸው። ያን ሰሞን ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ነበርና በጀሶ የታሰረ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ቤት ይውላሉ። እናትየው ልጃቸውን፣ «ወረቀትህን ይዘህ ሂድና አሳያቸው» አሉት።

«በዳዴ ስሄድ ጀምሮ ለሚያውቁኝ ሴት? ምን ይሉኛል?»

«የሚሉህን ይሉሃል። ደግሞ ብቻቸውን ነው የሚውሉት። ሌላው ቢቀር እግዜር ይማርዎት ብለህ ትመለሳለህ።»

ምሩቁ በሽተኛ ልጠይቅ ነው የምሄደው እያለ ራሱን አባብሎ ሄደ።

ሴትየዋ ሲቪውን ተቀበሉና መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሲጨርሱ ቀና ብለው፣ «ይሄ ሰው ማነው?» አሉት።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«አንተንማ አውቅሃለሁ። ይሄን ሰውዬ ግን አላውቀውም።»

ከዚያ ጣታቸውን አንዱ መስመር ላይ አሳረፉ። «እዚህ ድርጅት ሁለት ዓመት ሠርተሃል?»

አዎ ማለት ይችል ነበር። ሴትየዋ ድርጅቱ ድረስ ሄደው አያጣሩም። እሱ ግን ያ የቃለ መጠይቅ ክፍል ትዝ አለውና አንገቱን ደፋ። «አልሠራሁም» አለ፣ እየጠፋ በሚሄድ ድምፅ።

አልተቆጡትም። እስክሪብቶ አንስተው መስመሩን ሰረዙት።

«እሱን ካወጡትማ ምን ይቀረኛል?» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እኔ እኮ ምንም አልሠራሁም፣ እትዬ። ምንም።»

ሴትየዋ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «ያ ቦይ የማነው ታዲያ?»

«የቱ?»

«ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀምሮ እስከ ወንዙ የሚወርደው ነዋ። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ እዚህ ድረስ እየመጣ ስንቱን ዕቃዬን አበላሸብኝ። ባለፈው ክረምት ግን ምንጣፌ እንኳ ሳይርስ ከረመ። ማነው ያሠራው?»

«የሰፈሩ ሰው ነው የቆፈረው።»

«የሰፈሩ ሰውማ ድሮም ነበረ። ተነሱ ያለው ማነው? በዚህ በኩል ይሂድ ያለውስ?»

ምሩቁ እጁን ማፍተልተል ጀመረ። «እኔ ነኝ። ግን እሱ ሥራ አይባልም፣ እትዬ። የቀጠረኝ የለም። ተማሪ ሆኜ ለእረፍት መጥቼ ነው።»

«ማን ቀጠረህ አልኩህ? ምን ሠራህ ነው ያልኩህ። በል ሂድና ከላይ እስከ ታች ተጉዘህ እየው። ተመልሰህም እንዴት አድርገህ እንደሠራኸው ንገረኝ። እኔ እንደምታየኝ መራመድ አልችልም።»

እየከበደው ወጣ። በቦዩ ዳር ዳር እስከ ወንዙ ወረደ፤ አንድ ቦታ የተናደ ድንጋይ አይቶ ጎንበስ አለና አስተካከለው። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነበር። መናገር ጀመረ። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዞ ውሃው የሚሄድበትን እየተከተለ እንዳጠና ነገራቸው። ቁልቁለቱን የሚለካበት መሣሪያ ስላልነበረው ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቶ፣ በሁለቱ ጫፍ የውሃውን ከፍታ እያየ እንደለካ ነገራቸው። ኩርባው ላይ ውሃው አፈሩን እንዳይሸረሽር ድንጋይ እንዳስደረደረ ነገራቸው። ደግሞ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አጥራቸው ቦዩ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ስለሆነ «የእኔ አጥር አይነካም» ብለው ሥራውን አስቆሙ። የሚቆፍሩት ወጣቶች ሊጣሏቸው ሲነሱ እሱ ከለከላቸው። ዝናብ የመጣ ቀን ሽማግሌውን ጠርቶ አብሯቸው ቆመና ጎርፉ ከአጥሩ ሥር አፈሩን እየበላ ሲሄድ አሳያቸው። በነጋታው ሽማግሌው አጥራቸውን በገዛ እጃቸው አነሱ።

ይህን ሲተርክ ቆሞ ነበር፤ በእጁ ቁልቁለቱን እያሳየ፣ የሽማግሌውን ድምፅ እያስመሰለ። ለወራት እንዲያ ብዙ ተናግሮ አያውቅም።

«አሁን ያልከኝን ጻፈው» አሉት ሴትየዋ።

«እርስዎ ይጻፉልኝ። እርስዎ ይችሉበታል።»

«እኔ ቦይ ማውጣት አልችልበትም። አንተ ጻፍ፣ እኔ አነባለሁ።»

የመጀመሪያውን ጽፎ ሲያመጣ «ታላቅ የጎርፍ መከላከያ ፕሮጀክት በበላይነት መርቷል» ይል ነበር። ሴትየዋ ጀሶው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «እንዲህ ብለህ አልነገርከኝም። የነገርከኝ ከዚህ ይበልጣል» ብለው መለሱለት። እንደገና ጻፈ፤ እንደገና አነበቡ። የልምምዱን ጊዜ ልምምድ ብሎ፣ ትክክለኛ ርዝመቱን ይዞ እንዲያስገባው አደረጉ። ቀጣሪ ቀድሞ የሚፈልገውን ከላይ እንዲያስቀምጥ፣ የሥራ ማስታወቂያውን ደጋግሞ አንብቦ ለተጠየቀው እንዲመልስ፣ ምንም የማይናገር ቃል ሁሉ እንዲወጣ አስተማሩት። ፊደል እንኳ ሲሳሳት በእስክሪብቶ ያከብቡበታል እንጂ አያርሙለትም። ልጁ ይመላለሳል፤ ሲሄድ ውሃ ይቀዳላቸዋል፣ ትራሳቸውን ያስተካክላል፤ እሳቸውም ሰው ስላገኙ ደስ ይላቸዋል።

ሲቪው አንድ ገጽ ሆኖ አለቀ። አባቱ ካነበቡት በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረው አነበቡት። «ይሄን ሁሉ የሠራኸው አንተ ነህ?» አሉት። ያን ማታ አባትና ልጅ አብረው እራት በሉ።

ምሩቁ አመለከተ፤ ተጠራ። ከጠያቂዎቹ መካከል አንዲት ሴት ወረቀቱን ስታይ ቆይታ፣ «እኚህን ሽማግሌ ግን እንዴት አሳመንካቸው?» አለችው። እሱም ሳቀና ነገራት። ማስታወስም ማስመሰልም አላስፈለገውም፤ የኖረበት ነገር ነው። ያን ሥራ ግን አላገኘም፤ ልምድ ያለው ሌላ ሰው ተቀጠረ። አልዋሽሽም፣ አዝኗል። ያዘነው ግን እንደ ተሸነፈ እንጂ እንደ ተጋለጠ ሰው አልነበረም፤ በማግስቱ ሌላ ቦታ አመለከተ። ብዙም ሳይቆይ ያቺ ጠያቂ ራሷ ደወለችለት። ለገጠር ቀበሌዎች የመጠጥ ውሃ የሚዘረጋ ሥራ ተከፍቷል፤ ከሰው ጋር መነጋገር የሚችል ረዳት መሐንዲስ ይፈለጋል። «አንተ ትዝ አልከኝ» አለችው።

ሥራ መያዙን መጀመሪያ የነገረው ለእናቱ ነው። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ቤት ሮጠ። ጀሶው ወጥቶላቸው በከዘራ እየተራመዱ ነበር። ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል በትከሻው ይዘው አቀኑት።

«እኔ ምን አደረግሁልህ? ጠየቅሁህ እንጂ።»

«ሌላው ሁሉ ሥራ አገኘህ ወይ ነበር የሚለኝ፣ እትዬ» አላቸው። «ምን ሠራህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።» ሴትየዋም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «እኔም ቤቴን ላዳነልኝ ልጅ ሳላመሰግን ከርሜ ነበር። አሁን አመሰገንኩህ» አሉት።

መምህር ይርጋ ይህን ብለው ወደ ርብቃ ዞሩ።

«እንግዲህ ያ ምሩቅ አንቺ ነሽ፣ ርብቃ። ሴትየዋ ደግሞ ጓደኛሽ ናት። በውጤት መብለጥሽ እዚህ ላይ ቦታ የለውም፤ ሴትየዋም ምህንድስና አልተማሩም ነበር። ሰው የገዛ ሥራውን ስለለመደው አያየውም፤ ከአጠገቡ ቆሞ አይቶ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። የእኔ ይባላል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ልጁ ብቻውን ሆኖ የጻፈው የመጀመሪያው ሲቪ የእሱ አልነበረም። በሰው እርዳታ የጻፈው ግን ከላይ እስከ ታች የእሱ ነበር፤ ሲጠይቁት ሳይሸማቀቅ የመለሰውም ለዚህ ነው። አንቺም ጓደኛሽ ስትጠይቅሽ እውነቱን መልሺ፤ ጽፈሽ አሳያት፤ ስትሰርዝብሽም አትቆጪ። የእኔ ልጅ፣ ሳትለምኚው ላግዝሽ ያለሽ ሰው አለ። እስኪ አሁን ስልክሽን አውጪና ደውዪላት። ምስጋናውንም ሥራ እስክታገኚ አታቆዪው፤ ዛሬውኑ አመስግኛት።»