ንስሐ ግቢ ያልናት ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። ኑሮዋ መጋረጃ መስፋት ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ ከመዘምራን ጋር ቆማ ትዘምራለች።

ዘርፌ ትባላለች። ስሟን የምጠራው እሷው ጥራ ስላለችኝ ነው። «ያኔ ስሜን ሳይጠሩ ነው ያዋረዱኝ። አሁን ስታወራው ስሜን ጥራ፤ የምደብቀው የለኝም» ብላኛለች። ስለዚህ እጠራለሁ። ዘርፌ።

ዘርፌ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከገጠር ወጥታ አንድ ነጋዴ ቤት ተቀጠረች። የነጋዴው ወንድም ደፈራት። ወገኖቼ፣ ቃሉን አላለሳልሰውም። ደፈራት። አረገዘች፤ ሲታወቅባት ተባረረች። ታላቅ እህቷ ውብዓለም ዘንድ ሄዳ ሴት ልጅ ወለደች። ውብዓለም ልጅ አልነበራትም። እህትማማቾቹ ተመካከሩና ሕፃኗ የውብዓለም ልጅ ተብላ አደገች። ሩሐማ አሏት። ሩሐማ ዘርፌን «አክስቴ» እያለች ነው ያደገችው። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት እውነቱን ሊነግሯት ተስማምተው ነበር።

ይህን ከሁለቱ እህትማማቾችና ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ዓመት፣ መጋቢያችን የቅድስና ሳምንት አወጀ። «መጋቢያችን» ስል አፌ ስቶ አይደለም። እኔም በዚያች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበርኩ። «አገልጋይ ሁሉ ቢሮዬ እየመጣ የልቡን ያራግፍ» አለ። የዘርፌ ተራ ደረሰ። ገባች፤ በሩ ተዘጋ። «ከእኔ የደበቅሽው ከእግዚአብሔር የደበቅሽው ነው» አላት። አመነችው። እያለቀሰች፣ ከእህቷ በቀር ለማንም ያልተናገረችውን ያንን ነገር ነገረችው። እሱም እጁን ጫነባትና ጸለየላት። «ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ነሽ» አላት።

ቀለል ብሏት ወጣች። ያን ሳምንት የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ስትዘምር ነው የሰነበተችው። ጎረቤቶቿ ነግረውኛል።

እሑድ መጣ።

መጋቢው ከስብከቱ መሃል ቆም አለና ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። «በመካከላችን አንዲት እህት አለች» አለ። «ስሟን አልጠራም። ከመዘምራን ናት። ልጅ በድብቅ ወልዳ፣ የእህቴ ልጅ ናት እያለች፣ ነጭ ለብሳ ፊታችሁ ትቆማለች። እግዚአብሔር በእንዲህ ያለች ሴት መዝሙር ይከብራል?»

ስሟን አልጠራም! መዘምራኑ እኮ አሥራ ሁለት ነበሩ። ከአሥራ ሁለቱ መካከል፣ ልጅ ያላት እህት አጠገቧ የምትኖር ስንቷ ነበረች? የጉባኤው አንገት ሁሉ ዞረ። የእኔም አንገት ዞረ።

ሩሐማ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጉባኤው ሲበተን እየሮጠች መጣችና የዘርፌን ቀሚስ ያዘች።

«አክስቴ፣ የሚሉት እኔን ነው?»

ምን ትበላት? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ያን ከሰዓት ሁለቱ እህትማማቾች ልጅቷን መሃላቸው አስቀምጠው ነገሯት። ባልመረጡት ቀን፣ ባልተዘጋጁበት ቃል። አንድ ክፉ ሰው ዘርፌን በግድ እንደጎዳት ነገሯት። ሩሐማ ወደ ዘርፌ ዞረች። ከዚያ፣ «እኔን ስታዪ ሰውየውን ታያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አንቺን ሳይ አንቺን ነው የማየው» አለች ዘርፌ። «ሌላ ማንንም አይቼብሽ አላውቅም።»

ልጅቷ ግን ለወራት አኮረፈች። ታኩርፍ እንጂ! የራሷን ታሪክ ከሰው ሁሉ ኋላ የሰማች ልጅ ናት።

በሳምንቱ እኛ ሽማግሌዎች ሦስት ሆነን ዘርፌ ቤት ሄድን። የመጽናናት ቃል አይደለም የያዝነው። ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በዕድሜ ከሁሉም የማንሰው እኔ ስለነበርኩ። ምን ይላል ደብዳቤው? እሑድ በጉባኤው ፊት ቆመሽ ንስሐ ግቢ፤ አለዚያ ከኅብረት ትታገጃለሽ።

አነበበችው። ቀና ብላ፣ «ምን በድዬ?» አለች።

ከመካከላችን ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እህታችን፣ ነገሩን አታክርሪው። መጋቢው የተቀባ ሰው ነው። እሱን መንካት ለራስሽም አይበጅሽም።»

«እኔ ነኝ የነካሁት?» አለች ዘርፌ። «አንዱ ደፈረኝ። አንዱ ደግሞ አምኜ የነገርኩትን ልጄ ፊት ዘረገፈው። ሁለቱም ንስሐ አልገቡም። እናንተ ግን ደብዳቤ ይዛችሁ የመጣችሁት ወደ እኔ ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ወንድሜ? አንተም እንደዚሁ ነው የምትለው?»

እንደዚያ አልልም ነበር። በልቤ እውነቷን ነው እያልኩ ነበር። በልቤ! ወገኖቼ፣ በልብ የቀረ እውነት ለተበደለ ሰው ምን ይረባዋል? ዝም አልኩ። ጫማዬን እያየሁ ወጣሁ።

እሑድ እገዳዋ ተነበበ። ከዚያ ወዲያ በመንገድ ሲያገኟት የሚሻገሩ በዙ። አብረዋት አሥር ዓመት የዘመሩ፣ ሰላም ላለማለት ስልካቸውን የሚነካኩ በዙ።

ዘርፌም ታመመች። በሽታው በሐኪም ቤት ማሽን የሚታይ አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያን የድምፅ ማጉያ ሲከፈት የምትሰፋው ጨርቅ ያመልጣታል። አንድ ቀን የስፌት መርፌው ጣቷን በሳው። መጽሐፍ ቅዱሱን ስትከፍት የምትሰማው የመጋቢውን ድምፅ ነው። «አባት ሆይ» ልትል ትጀምርና መጽሐፉን ትከድነዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ መጸለይ አልቻለችም።

መካሪ አላጣችም። «ይቅር በያቸው» አሏት። «መራራ ሥር እንዳይበቅልብሽ» አሏት። «እልኸኛ ሆንሽ» አሏት። ደም የሚፈሰውን ሰው ወለሉን አቆሸሽክብን እንደማለት ነው እኮ!

አንዲት ሴት ብቻ ሌላ ነገር አለቻት። እማማ ሽታዬ የሚባሉ ጎረቤት፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ያልሆኑ፣ ማርያምን የሚሉ አሮጊት። አንድ ጠዋት ዘርፌ መጋረጃ ወደምትሰፋበት ሱቅ መጡና፣ «ልጄ፣ ምን ላድርግልሽ?» አሏት።

በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ስለ እግዚአብሔር አያውሩኝ» አለች ዘርፌ።

«እሺ።»

አሮጊቷ ቃላቸውን ጠበቁ። በየቀኑ እየመጡ የተሰፋውን ያጣጥፋሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ሰነፉ ድመታቸው ያወራሉ። ስለ እግዚአብሔር አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሩሐማም ኩርፊያዋ እየበረደ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያው ሱቅ ገብታ የቤት ሥራዋን መሥራት ጀመረች።

አንድ ቀን ዘርፌ እየሰፋች ሳለ በድንገት እግሯን ከመኪናው አነሣች። ቀና ብላ ወደ ጣራው ቆርቆሮ ጮኸች። «የት ነበርክ? ያ ሰው በሩን ሲዘጋብኝ የት ነበርክ? ይሄኛውስ በስምህ ሲያዋርደኝ ለምን ዝም አልክ? መልስልኝ!»

እማማ ሽታዬ የሚያጥፉትን መጋረጃ ጭናቸው ላይ አሳረፉና፣ «ልጄ፣ አሜን ልበል ወይስ ዝም ልበል?» አሏት።

ዘርፌ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ፣ «ይበሉ» አለች።

«አሜን» አሉ እማማ ሽታዬ።

ይህ ጸሎት ነው? አዎ፣ ጸሎት ነው! በሁለት ዓመት የመጀመሪያዋ ጸሎት። እኔ በየሳምንቱ መድረክ ላይ ከደረደርኩት ያማረ ጸሎት ሁሉ ይህ ይበልጣል። እግዚአብሔር በቁጣ የጠየቁትን ሰዎች አባርሮ አያውቅም። የሚያባርሩት በስሙ የተቀመጡት ናቸው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ብቻዬን ወደ ሱቋ ሄድኩ። እንቅልፍና ሰላም አጥቼ ነበር። ስገባ መስፋቷን አላቆመችም።

«ዘርፌ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«እዚህ? ብቻችንን?»

«አዎ።»

መኪናዋን አቆመች። «ያዋረዳችሁኝ በማይክሮፎን ነው፤ ይቅርታው በሹክሹክታ ነው? ሂድና ባዋረዳችሁኝ ቦታ ተናገረው። ለእኔ አይደለም። ልጄ በዚያ መንገድ ቀና ብላ እንድታልፍ ነው።»

አልረገመችኝም፤ አላባረረችኝም። ግን አላቀለለችልኝም። ለምን ታቅልልኝ?

ሽማግሌዎቹን ለመንኳቸው። «የቤተ ክርስቲያን ስም ይጠፋል» አሉ። እንግዲህ ስማችን እንዳይጠፋ ሰው ይጥፋ ማለታቸው ነው። በቀጣዩ እሑድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እጄን አወጣሁ፤ ማይክሮፎን ተሰጠኝ። «ዘርፌ ኃጢአት አልሠራችም» አልኩ። «ተደፍራ ነው። የታመነ ምስጢሯን የበተነው መጋቢያችን ነው። ያገድናት እኛ ነን። እኔም ደብዳቤውን ይዤ ሄጃለሁ። የበደልነው እኛ...»

ማይክሮፎኑ ተዘጋ።

የተረፈውን በባዶ ድምፄ ጮኼ ጨረስኩ። ሁለት ሰዎች ክንዴን ይዘው አስወጡኝ። መጋቢው አልተነካም፤ እኔ ታገድኩ። ተከትለውኝ የወጡ አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ ውብዓለም ናት፤ የሩሐማን እጅ ይዛ ነበር።

ዘርፌ ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን አልተመለሰችም። መመለስ ነበረባት የሚል ካለ እኔ አንድ አልሆንም ከእርሱ ጋር። ዛሬ ወንዙን ተሻግሮ ባለች ትንሽ ጉባኤ፣ በር አጠገብ ትቀመጣለች። ድምፅ ሲበዛባት ትወጣለች፤ ሲቀላት ትመለሳለች። ማንም ለምን ወጣሽ አይላትም። ባለፈው የትንሣኤ በዓል ዘመረች። ብቻዋን አይደለም፤ ከሩሐማ ጋር። ልጅቷ ከዚያ በፊት መድረክ የሚባል ነገር አልወደደችም ነበር፤ «አብረሽኝ ከቆምሽ» ብላ ነው የቆመችው።

አሁን፣ ዛሬ እንድሰብክ ወደ ጋበዛችሁኝ ወደ እናንተ ልምጣ።

በር አጠገብ የተቀመጣችሁ አላችሁ። አያችኋለሁ። በእግዚአብሔር ስም የተመታችሁ፣ «እንዲህ ይላል ጌታ» ተብሎ ቁስላችሁ ኃጢአት የተባለባችሁ። ሰዎች የጠፋ በግ ይሏችኋል። የጠፋ በግ ሌላ ነው፤ ተደብድቦ የሸሸ በግ ሌላ ነው! ሸሽታችሁ ከሆነ ሕይወታችሁን አትርፋችኋል። መልካሙ እረኛ በበትር የሚያሳድድ አይደለም፤ ያሳደዳችሁም እሱ አልነበረም። ፈጥናችሁ ይቅር በሉ የሚላችሁ ሰው ቢመጣ፣ መጀመሪያ የበደላችሁን ሰው አነጋግሮት እንደሆነ ጠይቁት። ቀስ በሉ። ተቆጡ። ዝም ማለት ካሰኛችሁ ዝም በሉ። እግዚአብሔር ቸኩሎ አያውቅም።

እናንተስ፣ እንደ እኔ በልባችሁ «እውነቷን ነው» እያላችሁ ጫማችሁን የምታዩ? እስከ መቼ? ሰላም ወዳድ ነን አትበሉኝ። እኔም እንዲያ ነበርኩ፤ ፈሪ ነበርኩ እንጂ ሰላም ወዳድ አልነበርኩም።

እኛ መድረክ ላይ የቆምነውስ? ሰው ምስጢሩን አምኖ የሚሰጠን ስብከታችንን እንድናጣፍጥበት ነው? ማንም ማይክሮፎን ከእኛ እንዳይወስድ የምንጠነቀቀውን ያህል፣ በማይክሮፎኑ የገደልነውን ሰው ብናስብስ!

ስለዚህ ዛሬ «ወደ ፊት ኑ» አልልም። ዓይናችሁን ጨፍኑም አልልም፤ ክፈቱና እዩን። ምእመናን፣ እናንተ ተቀመጡ። በቤታችሁ፣ በቦታችሁ፣ በክብራችሁ ተቀመጡ።

ሽማግሌዎች፣ ዲያቆናት፣ መጋቢዎች፣ የመዘምራን መሪዎች፣ እኛ እንነሣ። ይቅርታ የምንጠይቀው ሰው ስም ያለን ሁሉ፣ እንነሣ።

እኔ ተነሥቻለሁ። ሁለተኛው ማን ነው?