ክቡን የፈታ ጉባኤ

አንድ ጊዜ፣ ከጫካው ዳር ካለች ሾላ ሥር፣ ጥቂት እንስሳት ለጸሎት የሚሰበሰቡባት ትንሽ ጉባኤ ነበረች። አህያ አለች፣ በግ አለች፣ ጥንቸል አለች፣ ሽማግሌው ኤሊም አለ። ሲጸልዩ ልጆቻቸውን መሐል አድርገው፣ እነሱ ፊታቸውን ወደ ጫካው አዙረው ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ዐይኑን የሚጨፍን የለም። ላያቸው ያስቃሉ፤ እነሱ ግን የለመዱት እንዲህ ነው።

እመት አህያ ጉባኤዋን የምትወደው ለዚሁ ነበር። ከወለደቻቸው ሁሉ የተረፈችላት ሙሽሬ የምትባል ውርንጭላ ብቻ ናት። ቤቷ ስትሆን እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ትበረግጋለች። ክቡ ውስጥ ስትቆም ግን ልቧ ያርፋል።

ታዲያ ከወንዝ ማዶ ዝንጀሮዎች ከበሮ እየመቱ የራሳቸውን ጉባኤ ጀመሩ። ከሾላው ሥር ወጣት ወጣቱ አንድ በአንድ ወደዚያ ኮበለለ። የቀሩት «ልንበተን ነው» ብለው ሲጨነቁ፣ ቀበሮ ጅራቱን እያወዛወዘ መጣ።

«ወይ እናንተ! ማን ይምጣላችሁ?» አለ እየሳቀ። «እንግዳ ሲመጣ እንደ ሌባ ታፈጡበታላችሁ! በሰልፍ ተቀመጡ፣ ሁላችሁም ወደ ፊት ተመልከቱ። ከበሮ ይምጣ፣ ወፎች ይዘምሩ፣ ለመጣ ሁሉ ቆሎ ይታደል። ልጆች ደግሞ ከኋላ ሆነው ይጫወቱ፤ አይረብሹን።»

«ከኋላ ማን ያያቸዋል?» አለች እመት አህያ።

«እግዜር ያያቸዋላ! ምነው እመት አህያ፣ እምነትሽ የት ሄደ?»

ሁሉም ሳቁባት። እሷም አፈረች።

ነገሩ ሰመረ። ሾላው ሥር መቆሚያ ጠፋ። ሚዳቋው፣ ከርከሮው፣ ጅግራው፣ ማን የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሁሉ መጣ። ጅብም መጣና ከኋላ፣ ልጆቹ አጠገብ ተቀመጠ። «አሜን!» ሲል መሬቱ ይንቀጠቀጣል።

በግ ደነገጠች። «ኧረ ይሄ ጅብ ነው!»

«ነበር በይ» አላት ቀበሮ። «አሁን ሥጋ ትቷል። ቤታችን ለሁሉ ክፍት አይደለም እንዴ?»

ብዙም ሳይቆይ የጥንቸል ልጆች ጠፉ። ጥንቸል ስታለቅስ «ልጅ ከበሮ ይወዳል፤ ወንዝ ተሻግረው ይሆናል» ብለው አጽናኗት። ክቡ ይመለስ ያለ ግን አልነበረም። እመት አህያ ልትናገር አፏን ከፈተችና፣ ያ ሳቅ ትዝ ብሏት መልሳ ዘጋችው።

አንድ ቀን መዝሙሩ ሲያበቃ እመት አህያ ዞር ብላ አየች። ሙሽሬ የለችም። እየተደናቀፈች ወደ ኋላ ሮጠች። ጅብ ሆዱ ተነፍቶ ጋደም ብሏል።

«አያ ጅቦ፣ በፈጠረህ፣ ልጄን አይተሃታል?»

«እኔ? ኧረ እኔ አላየኋትም! ስትጮህም አልሰማኋት።»

«ስትጮህ?»

«ከበሮው ያስሰማል እንዴ? ቀበሮ ራሱ አኩርፎኛል፤ ጭኗ የእሱ ነው ተባብለን ነበር፤ እሱንም በላሁበት። ምን ላድርግ፣ ራበኝ!»

እመት አህያ ሰልፉን እየጣሰች ወደ ፊት ሄደች። «ልጄን በሉብኝ! ልጄን!» እያለች አናፋች።

ፊት የተቀመጡት እንግዶች ማን እንደሆነች አያውቁም። ልጅ እንዳላትም አያውቁም። ቀበሮ ብድግ አለና «አያችሁ እህታችንን! መንፈስ ነክቷት ነው! እልል በሉላት!» ብሎ ጮኸ።

እልልታው ቀለጠ። ከበሮው ተደለቀ። እመት አህያ አፏ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል እንጂ ድምፅዋን የሚለይ አልነበረም። ኤሊ ብቻ ገባውና በዚያች ዝግተኛ እግሩ ወደ እሷ ተነሣ፤ እሱ እስኪደርስ ግን ሕዝቡ እየጨፈረ ገፍቶ አውጥቷታል።

በሚቀጥለው ጉባኤ አልመጣችም። የት ቀረች ብሎም የጠየቀ የለም፤ እሷ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ አዲስ እንግዳ ተቀምጦ ቆሎውን ይቆረጥማል።

ከዚህ የምንማረው፣ ቤታችንን ለመሙላት ብለን ልጆቻችንን መጠበቅ ከተውን፣ የሞላው ቤት ለቅሷችንን እንኳ እንደማይሰማልን ነው።