ቀትር ላይ የሚጠሩት

አንድ ጊዜ፣ ከጭነት ያመለጡ አህዮች በአንድ ትልቅ ገደል አፋፍ ላይ በተዘረጋ ሜዳ ሰፍረው ይኖሩ ነበር። ሣሩ ለምለም፣ ምንጩ ጥሩ ነው። ጫኝ የለ፣ ዱላ የለ። አንድ ነገር ባይኖር ኖሮ ከዚያ የተሻለ አገር ባልተገኘ። ያ ነገር የሚመጣው በቀትር ነው።

ጅብ የሚያስፈራው ሲመሽ ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። በዚያ ሜዳ ግን አህዮቹ የሚፈሩት ጠራራውን ፀሐይ ነበር። ክረምት ወጥቶ መስከረም ሲጋመስ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ጥላ ሁሉ እግር ሥር ገብቶ ሲጠፋ፣ ወፎቹ ዝም ይላሉ። ያን ጊዜ በየዓመቱ ከአህዮቹ አንዱ ከግጦሹ ቀና ይልና ሁለት ጆሮውን ወደ ገደሉ ያቀናል። የሚሰማ ነገር የለም፤ እሱ ግን ይሰማል። ከዚያ መሄድ ይጀምራል። አይሮጥም፣ አያናፋም። ዓይኑ እንደተገለጠ፣ ቢጠሩት ሳይዞር፣ ጭራውን ቢነክሱት ሳይራገጥ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ከታች ጥቂት ጠጠር ሲንከባለል ይሰማል። ከዚያ በኋላ ምንም አይሰማም።

ከገደሉ ሥር ባለው ዋሻ የሚኖረው አያ ጅቦ ነው። በቀትር ከዋሻው ደጅ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያንጎራጉራል፤ አህያውም በገዛ እግሩ መጥቶ ፊቱ ይቆምለታል። ገደሉ ጥልቅ ስለሆነ ድምፁ ሽቅብ ወጥቶ አያውቅም። አያ ጅቦ ግን አህዮቹን የሚያመጣቸው የድምፁ ማማር ነው ብሎ ከልቡ ያምን ነበር። ሆዱ እየሞላ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ጅብ እስከ ዛሬ አልተወለደም።

የሚሄዱት ሁሉ የአንድ ዘር ልጆች ነበሩ። «የሚጠሩት» ይሏቸዋል። ይህን አስተውሎ ደንብ ያወጣው የመንጋው ሽማግሌ አባ መጫኛ ነው፤ ጀርባውን የጭነት ገመድ ስለበላው ይህ ስም ወጣለት። አባ መጫኛ የየትኛውንም አህያ ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ሳይሳሳት ይቆጥራል። ከሚጠሩት ዘር ውርንጭላ በተወለደ ቁጥር ጡት ሳይተው የግራ ጆሮውን ጫፍ በጥርሱ ቆርጦ ምልክት ያደርግበትና ዳር ሜዳ እንዲውል ያዝዛል። ዳር ሜዳ ከአፋፉ ጋር የተያያዘች ጠባብ መሬት ናት። ሣሯ አጭር ነው፤ በሣሯ መሐል ሌላ ቦታ የማትበቅል ትንሽ ሰማያዊ አበባ ሞልቶባታል። መሐል ሜዳ የንጹሖቹ ነበር። ይህን ማንም ክፋት ነው አላለም። መሄዳቸው ላይቀር ቅርብ ሆነው ይሂዱ፣ ልጆቻችንም አይዩ፣ ይባባሉና ወደ ግጦሻቸው ይመለሳሉ።

ቡሊት ከንጹሖቹ ወገን የተወለደች አህያ ነበረች። ከሚጠሩት አንዱን ወደደችና ዘመዶቿ እያዩ ዳር ሜዳ ወጥታ አገባችው። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይባላል፤ የቡሊት ባል ራሱን እንኳ ማስጣል አልቻለም። ልጃቸው ጤዛ ገና ጡት ሳትተው በአንድ ቀትር ተነሥቶ ሄደ። አባ መጫኛ መጥቶ የጤዛን ጆሮ ቆረጠና ቡሊትን፣ አንቺ ንጹሕ ነሽ፣ ወደ መሐል መመለስ ትችያለሽ አላት። እሷ ግን ልጄን ለገደል ትቼ የት እሄዳለሁ ብላ ቀረች። ከልጇ ጋር አንድ ሣር ስትግጥ፣ አንድ መሬት ላይ ስትተኛ ሦስት ዓመት ሞላት።

በሦስተኛው ዓመት፣ መስከረም እንደተጋመሰ፣ ጤዛ በቀትር መጋጧን አቆመች። የተቆረጠችው ጆሮዋ ከሙሉዋ ጋር እኩል ቀጥ ብላ ቆመች።

«እማ» አለች፤ «ማነው የሚያንጎራጉረው?»

ቡሊት አዳመጠች። ነፋስ እንኳ አልነበረም።

«ማንም የለም፣ ልጄ። ይልቅ ብዪ» አለቻትና የምትወደውን፣ የምትጣፍጠውን ሰማያዊ አበባ በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ አቀረበችላት።

በማግሥቱም ጤዛ በዚያው ሰዓት ቆመች። በሦስተኛው ቀን ሁለት እርምጃ ወደ ገደሉ ተራመደች፤ ቡሊት በደረቷ ገፍታ መለሰቻት። ባሏም እንዲሁ ነበር የጀመረው። መስማት በጀመረ በአሥረኛው ቀን ሄዷል። ቡሊት ቀኖቹን ቆጥራ ሰባት እንደቀሯት አወቀች። ወደ አባ መጫኛ ሄዳ ለመነችው። ሽማግሌው ከልቡ አዘነላት፤ ቢሆንም ዘር ከልጓም ይስባል፣ ከደም ጋር ትግል የለም ብሎ መለሳት።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ቡሊት ልጇን የሚጠራትን ለማየት ወደ አፋፉ ወጣች። እዚያ እመት ቀበሮ ተኮራምታ ተቀምጣለች። እመት ቀበሮ ከአያ ጅቦ ዋሻ ጎን የምትኖር፣ ከእሱ የተረፈውን እየቃረመች የምታድር ነበረች። ሰሞኑን ግን ከስታለች፤ ፊቷም ጠቁሯል።

«ልጅሽን ጀመራት፣ አይደል?» አለች ቀበሮ።

ቡሊት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ባልሽን አውቀዋለሁ» አለች ቀበሮ ቀስ ብላ። «ከውስጥ ነው የማውቀው። አትቀየሚኝ። ያ ሆዳም ሥጋውንም፣ ቆዳውንም፣ አጥንቱንም ጨርሶ ለእኔ የሚተውልኝ ፈርሱን ብቻ ነው። እኔም ምን ላድርግ፣ አንዲት ጉርሻ ላገኝ ፈርስ ስበትን እውላለሁ። የባልሽን በትኛለሁ። ከእሱ በፊት የእኅቱን፣ ከእሷ በፊት የአባታቸውን። በሁሉም ውስጥ ያገኘሁት አንድ ነገር ነው፤ ያቺ ሰማያዊ አበባ።»

ቡሊት ወደ ዳር ሜዳ ዞራ ሰማያዊውን አበባ አየች።

«አበባዋን እኔም እበላታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በልቻለሁ። እኔን ማንም ጠርቶኝ አያውቅም።»

«አንቺ የእነሱ ደም የለብሽማ። እንግዲያው አበባዋ ብቻዋን አትጠራም ማለት ነው። ደሙ ብቻውን ይጠራ እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም። ያ ደም ኖሮበት፣ መሐል ሜዳ ውሎ መሐል ሜዳ ያረጀ አህያ ታውቂያለሽ?»

ቡሊት አላውቅም ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። አንድ አህያ ታውቃለች። ባሏ በሕይወት ሳለ እየሳቀ ያጫወታት ነገር ነበር፤ ተጠርታ የሄደችው የእሱ ሴት አያትና የአባ መጫኛ እናት እኅትማማቾች ነበሩ። አባ መጫኛ ሰባት ቤት ሲቆጥር በአባት በኩል ብቻ ነው። በእናት በኩል ማንም ቆጥሮ ስለማያውቅ፣ እሱም ሆነ መንጋው ነገሩን ረስተውት ኖረዋል።

«ይህን ሁሉ ለምን ነገርሽኝ?» ብላ ጠየቀቻት።

ቀበሮ ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። «ድሮ አጥንት ይተውልኝ ነበር» አለች።

ቡሊት ከዚያ በቀጥታ ጤዛን አስከትላ መሐል ሜዳ ገባች። አህዮቹ ውርንጭሎቻቸውን ወደ ኋላ እየገፉ ሸሹ። አባ መጫኛ መንገድ ዘግቶ ቆመና ደንብ አፍርሰሻል አላት። እሷም ከቀበሮ የሰማችውን አንድም ሳታስቀር በመንጋው ፊት ተናገረች፤ የእናቱንም ነገር ጨምራ።

«በእናት በኩል ዘር አይቆጠርም» አለ አባ መጫኛ።

«ደሙ ግን ይህን ደንብ አያውቅም» አለች ቡሊት። «ልጄ ሰባት ቀን እዚህ ትዋል። አንተ ሰባት ቀን ዳር ሜዳ ውለህ የእሷን ሣር ጋጥ። በሰባተኛው ቀን እሷ ከዚህ ተነሥታ ከሄደች፣ ወይም አንተ ከዚያ ካልሄድክ፣ ሁለተኛ ቃል አልተነፍስም።»

አህዮቹ ሽማግሌውን አዩት። እንቢ ቢል ፈራ ሊባል ነው። አባ መጫኛ ጭራውን እየወዘወዘ ወደ ዳር ሜዳ ወጣ።

የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ለቡሊት ከባድ ነበሩ። ቀትር በደረሰ ቁጥር ጤዛ ዓይኗን ሳትጨፍን ትነሣለች፤ ቡሊት መንገዷ ላይ ተጋድማ በሰውነቷ ታግዳታለች። ልጅቷ የእናቷን ጎድን እንደ አጥር ልትዘለው ትሞክራለች፤ እናቷ መሆኗንም የምታውቅ አትመስልም። በአራተኛው ቀን ግን ጤዛ አልተነሣችም፤ ጆሮዋን ብቻ አቀናች። በስድስተኛው ቀን ቀትሩን ተኝታ አሳለፈችው። በሰባተኛው ቀን ጠዋት ወደ እናቷ ተጠግታ፣

«እማ፣ ያ የሚያንጎራጉረው ለምን ዝም አለ?» አለች።

ቡሊት አንገቷን ከልጇ አንገት ጋር አቆላልፋ አለቀሰች።

አባ መጫኛስ? በመጀመሪያው ቀን ዳር ሜዳን እያጣጣለ ጋጠ። በሦስተኛው ቀን ሰማያዊዋን አበባ፣ ለካ እንዲህ ትጣፍጣለች ብሎ አመሰገነ። ከአምስተኛው ቀን ወዲያ ከእሷ በቀር ሌላ አልቀመሰም። በሰባተኛው ቀን መንጋው ሁሉ ሊያይ ወጣ። ሽማግሌው አእምሮው ሙሉ መሆኑን ሊያሳያቸው የገዛ ትውልዱን በከፍተኛ ድምፅ ይቆጥር ጀመር። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። ወፎቹ ዝም አሉ። አንደኛውን ቤት ቆጠረ፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ዕድሜ ልኩን ሲቆርጥ እንጂ ሲቆረጥ ያላየችው የግራ ጆሮው ወደ ገደሉ ዞራ ቀጥ አለች።

«ዝም በሉ እስቲ» አለ። «ማነው የሚያንጎራጉረው?»

በሌሎቹ ላይ በአሥር ቀን የሚሆነው በእሱ ላይ በአንድ ቀትር ሆነ። ጨርሶ እንደተናገረ መሄድ ጀመረ። መንጋው ቆሞ አየው። የሚጠራ ሲሄድ ቆሞ ማየት የለመዱት ነገር ነበርና ማንም አልተንቀሳቀሰም። መጀመሪያ የሮጠችው ጤዛ ናት። ቀድማው አፋፉ ላይ ጎኗን ሰጥታ ተገተረች። ሽማግሌው በደረቱ ገፋት፤ ኮቴዋ ተንሸራተተ፤ ጠጠሩ ከሥሯ እየተናደ ወደ ታች ወረደ። ቡሊት ደርሳ ከልጇ ጎን ቆመች። ከዚያ አንዲት ባልቴት አህያ መጣች፣ ከዚያ ሁለት ወጣቶች፣ ከዚያ ሁሉም። ጎን ለጎን ተጣብቀው እየገፉ አባ መጫኛን ወደ ኋላ መለሱት።

አንዳንዶቹ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፋፉ ቁልቁል ተመለከቱ። አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ከፍቶ፣ ራሱን ግራ ቀኝ እያወዛወዘ ሲዘፍን አዩት። አንድም ድምፅ ወደ እነሱ አይመጣም ነበር።

አባ መጫኛ መሐል ሜዳ ብዙ ቀን ታሞ ተኛ። የሚጠራው ድምፅ ሲለቀውና መቆም ሲችል በቀጥታ ወደ ጤዛ ሄደ። አንገቱን ደፍቶ የግራ ጆሮውን አፏ አጠገብ አቀረበላት።

«ደንቡ ለእኔም ነው» አለ። «ቁረጪው።»

ጤዛ ጆሮውን አሸተተች። ከዚያም ዘወር ብላ ሣሯን መጋጥ ቀጠለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳር ሜዳ ማንም አልዋለባትም፤ የማንም ጆሮ አልተቆረጠም።

የሚቀጥለው መስከረም ሲመጣ አያ ጅቦ እንደ ልማዱ ከዋሻው ደጅ ተቀምጦ አንጎራጎረ። የመጣ የለም። በሁለተኛው ቀንም፣ በሦስተኛውም የመጣ የለም። ቢጨንቀው እመት ቀበሮን አማከራት። ቀበሮም፣ ድምፅህ ሰልሎ ነው፣ ከፍ አድርገው፣ ቦታህንም አትልቀቅ ብላ መከረችው። ሌላ አደን ትቶ ጉሮሮው እስኪደርቅ፣ ጎድኑ እስኪቆጠር ዘፈነ። አንድ ቀትር ገደሉ ውስጥም ዝም አለ። በዚያ ዓመት እመት ቀበሮ አጥንት አገኘች።

ጤዛም ወለደች። ውርንጭላዋ ሁለት ጆሮው ሙሉ ሆኖ መሐል ሜዳ ላይ ይቦርቃል፤ ስለ ገደሉ ማንም አልነገረውም። ነገር ግን በቀትር ወደ ምንጩ ሲወርዱ በዳር ሜዳ አጠገብ ያልፋሉ፤ ያን ጊዜ የግራ ጆሮው ብቻዋን፣ እሱ ሳያውቅ፣ ወደ ገደሉ ትዞራለች። ትንሽ ትቆይና ትመለሳለች። ጤዛ ይህን ታያለች። ምንም አትለውም፤ በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ወደ መሐል ታስገባዋለች።

ከዚህ የምንማረው፣ በዘር የወረስነው ነገር በደማችን ውስጥ ተኝቶ ቢኖርም የሚቀሰቅሰውም የሚያስተኛውም የምንውልበት ሜዳ መሆኑንና፣ «ዘሩ ነው» ብለን ዳር ያወጣነውን ለገደል የዳረግነው እኛው ራሳችን ልንሆን እንደምንችል ነው።