ለሁሉም ማሽን ይሆናል

በአንድ መሥሪያ ቤት መልስ የማይጠፋት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። ሥራዋ የኮምፒውተር መሣሪያዎችን የሚያሠሩ፣ የሊኑክስ ከርነል ሞጁል የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን በቀላሉ እንዲጫኑ በፓኬጅ ማዘጋጀት ነበር። የመሥሪያ ቤቱን የጣት አሻራ ማንበቢያ የሚያሠራውን ሞጁል አዘጋጅታ ስትጨርስ፣ «የሚሠራው በሁለት ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ብቻ ነው» ብላ ጻፈችበት።

አዲሱ ዋና ዳይሬክተር አቶ ደምመላሽ ግን ሰሞኑን በድግስ ያስመረቋቸው ኮምፒውተሮች ፕሮሰሰራቸው ከሁለቱም ዓይነት አልነበረም። በሠራተኛው ስብሰባ መሀል አስነሥተው አፋጠጧት።

«‹ለሁሉም ማሽን ይሆናል› ብለሽ አስተካክዪው!»

«ብጽፈውም እነዚያ ላይ አይሠራም፣ ክቡር ዳይሬክተር።»

«አይሠራም የሚባል ቋንቋ አላውቅም! እኔ ከከብት እርባታ ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ቴክኖሎጂ ስሾም አንድ ቀን እንኳ አልችልም ብያለሁ? ወይ ጻፊ፣ ወይ መታወቂያሽን አስረክቢ!»

እንጀራዋ መሆኑን ታውቃለች፤ ምላሷ ግን አልታዘዝ አላት። መታወቂያዋን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች።

«ምን ላድርግ፣ ክቡር ዳይሬክተር» አለች፤ «ማሽኖቹ የእርስዎን ያህል ድፍረት የላቸውም። የማይችሉትን ሲጭኑባቸው፣ ‹አልችልም› ይላሉ።»