ዓሣ ውሃ ያጠጣው አበጀ

ተረቴ መጣች፤ ጠጋ በሉላት! ጠጋ አላችሁ? አንተ ከኋላ ያለኸው፣ መጎንተሉን ተውና ስማ። ይህን ተረት እኔ መጀመሪያ ስሰማ አፌን ከፍቼ ቀርቼ ዝንብ ገብቶብኛል። እናንተ አፋችሁን ዝጉ።

በድሮ ዘመን፣ አያቶቻችን ድሮ ከሚሉትም ድሮ በፊት፣ በቆላ አገር ሰንበሌጥ የምትባል ወንዝ ነበረች። ክረምት ሲሆን ሰንበሌጥ ታገሳለች፤ ዛፍ ነቅላ፣ ድንጋይ አንከባላ ትሄዳለች። በጋ ሲሆን ደግሞ አሸዋ ብቻ ሆና ትተኛለች። ያኔ ከወንዟ የሚቀሩት ሦስት ኩሬዎች ናቸው፤ የላይኛው፣ የመካከለኛውና የታችኛው።

በወንዟ ዳር አዳኞች ይኖሩ ነበር። ከነሱ አንዱ አበጀ ይባላል። አበጀ ዝምተኛ ነው፣ ትዕግሥተኛ ነው፣ ጦር ከወረወረ አይስትም። ሚስቱ እንጉዳይ ትባላለች። የእንጉዳይ ምላስ ስለት ነው፤ ልቧ ግን ቅቤ ነው። ጎረቤታቸው ደግሞ ቸኮል ይባላል። ስሙን ያወጡለት እናቱ ናቸው፤ አልተሳሳቱም። ቸኮል ይቸኩላል፣ ይዋሻል፣ ብቻውን ይበላል።

ብቻውን ይበላል ስላችሁ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! በዚያ አገር ድኩላ የገደለ ሰው እሳቱን ከደጅ ያነድዳል። ሽታው የደረሰው ሁሉ ይመጣል፤ የመጣም ሁሉ ድርሻውን ያነሳል። ጅግራም ብትሆን ያው ነው። ቸኮል ግን ጅግራውን ይዞ ገደል ሥር ይገባል፤ ላባዋን ይነጫል፣ ይጠብሳታል፣ አጥንቷን ሳይቀር ይቆረጥማታል። "ምን አገኘህ ቸኮል?" ሲሉት "ምን ይገኛል ብላችሁ ነው፣ አገሩ ባዶ ነው" ይላል። ጢሙ ላይ ግን ስቡ ያብረቀርቃል።

ስለ ዓሣውም ሕግ ነበራቸው። የብርብራን ፍሬ ታውቃላችሁ? ደርቆ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣው ይሰክራል፤ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ በእጅ መልቀም ነው። ታዲያ አዳኞቹ ብርብራ የሚበትኑት ወንዟ ስትፈስ ብቻ ነው፤ መርዙን ውሃው ይዞት ይሄዳላ! የቆመ ኩሬ ውስጥ ግን ብርብራ አይገባም። ታችኛው ኩሬ ውስጥማ መንጠቆም አይገባም።

ለምን? እመት አምባዛ ስላለችበት ነዋ!

አምባዛን ታውቁታላችሁ፤ ቅርፊት የሌለው፣ የሚያሟልጭ፣ ባለ ጢሙ ዓሣ። እመት አምባዛ ደግሞ የወንዟ ዓሣ ሁሉ እናት ናት። ራሷ የሞሰብ ክዳን ያህላል። ሁለት ጎልማሶች ተቀጣጥለው ቢተኙ ርዝመቷን አይደርሱባትም። ስትንሳፈፍ ሳቢሳ የምትባለው ወፍ ግንድ እየመሰላት ጀርባዋ ላይ ታርፋለች። ወደ አመሻሽ ብቅ ስትል አዳኞቹ የጦራቸውን አፍ ወደ መሬት ደፍተው "ደህና አመሹ፣ እመት" ይሏታል። እሷም ጢሟን አንቀሳቅሳ ትጠልቃለች። ያያት ሰው ያን ማታ ብዙ አያወራም።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ድኩላው ሸሸ። ሚዳቋው ሸሸ። ጅግራው ሸሸ። የላይኛው ኩሬ ደረቀ፤ ዓሣው ተለቅሞ ተበላ። የመካከለኛው ኩሬ ደረቀ፤ ዓሣው ተለቅሞ ተበላ። የታችኛው ብቻ ቀረ። ሰው ሁሉ ከሱ ይቀዳል፣ ከሱ ይጠጣል፤ ዓሣውን ግን ማንም አይነካም።

እንጉዳይ ያን ሰሞን አራስ ነበረች። ሴት ልጅ ወልዳ ጡቷ መንጠፍ ጀመረ። ልጅቷ ትጠባለች፣ ታለቅሳለች፤ ትጠባለች፣ ታለቅሳለች።

"አበጀ" አለች እንጉዳይ፣ "ጦርህን ይዘህ ትወጣለህ፣ ጦርህን ይዘህ ትመለሳለህ። ልጄን ጦር ላጥባት?"

"ምን ላድርግ እንጉዳዬ? አንዲት ቆቅ እንኳ አጣሁ።"

"እሺ ሥጋው ይቅር። ንጹሕ ውሃ አምጣልኝ። ውሃ ከጠጣሁ ጡቴ ትንሽ ያጋት ይሆናል።"

አበጀ ጎሕ ሲቀድ ቅሉን አንጠልጥሎ፣ ጦሩን ይዞ ወረደ። ቅሉን ሞላ። እመት አምባዛ እዚያው አጠገቡ ነበረች፤ ኩሬው ከመጉደሉ የተነሳ ጀርባዋ ከውሃው በላይ ወጥቷል። አበጀ ጦሩን ደፍቶ "እንደምን አደሩ፣ እመት" አላት። ሆዱ ግን ጮኸበት። ዋሽቼ ምን አገኛለሁ ልጆች፣ ምራቁንም ዋጠ። ወዲያው በራሱ አፈረና፣ ከመንደሩ በላይ ያጠመደውን ወጥመድ ሊያይ በደረቀው አሸዋ ሽቅብ ሄደ። ቅሏም አብራው ሄደች።

ቸኮል ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ይህን ሁሉ ያያል።

"ይሄ ሁሉ ሥጋ ተኝቶ እኛ በረሃብ እንለቅ? ምን ዓይነት ሞኞች ናቸው!" አለና ስልቻውን ፈታ። ስልቻው ሙሉ የተወቀጠ ብርብራ ነው። አንዴ በተነ። ሁለቴ በተነ። በሦስተኛው ስልቻውን ገልብጦ አራገፈው።

ውሃው አረፋ ደፈቀ። ትንንሾቹ ዓሦች እየተንገዳገዱ ወጡ፤ ነጭ ሆዳቸው ኩሬውን ሸፈነው። ቸኮል ጮቤ ረገጠ። "ይሄን እጠብሰዋለሁ፣ ይሄን እቀቅለዋለሁ፣ ይሄን ቋንጣ አደርገዋለሁ!" እያለ እያንዳንዱን በጣቱ ይመድባል።

ረፋዱ ላይ ሴቶች እንስራቸውን አዝለው ሲወርዱ አዩት።

"ወይ ጉዴ! ቸኮል፣ ምን አደረግህ?"

"ዓሣ ነዋ! ብሉ፣ ማን ከለከላችሁ?"

"በልተን ምን ልንጠጣ ነው? አንተ ጉድ፣ ምን ልንጠጣ ነው?"

እሪታው መንደር ደረሰ። ሰው ሁሉ ወደ ወንዙ ዳር ግልብጥ ብሎ ወጣ።

ያኔ ኩሬው ተናወጠ። እመት አምባዛ ተነሳች። ብርብራው ልጆቿን ጣላቸው፣ እሷን ግን አልጣላትም። በሁለቱ ክንፎቿ መሬቱን እየደገፈች፣ ጅራቷን ግራና ቀኝ እየወረወረች ከውሃው ወጣች። ኧረ ወጣች! በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ዓሣ በአሸዋ ላይ ተራመደች!

ውሻ አልጮኸም። ሽማግሌዎች ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። እኔ ይህን ባወራሁ ቁጥር ጸጉሬ ይቆማል፤ የቀረኝ ጸጉር ትንሽ ቢሆንም ያቺው ትቆማለች።

ግን ወዴት ትሄዳለች? ቁልቁል ብትሄድ ትልቁ ወንዝ አለ። እሷ ሽቅብ ሆነ መንገዷ! ወደ ደረቀው ኩሬ፣ ወደ ደረቀው አሸዋ፣ ወደ ላይ!

"ብርብራው ራሷ ላይ ወጥቶባት ነው!" ብሎ ቸኮል ሳቀ። "ሂጂ፣ ሂጂ፣ አሸዋው ጠብሶ ያቆይልኛል። መጀመሪያ ትንንሾቹን ልልቀም።" ኩሬው ውስጥ ገብቶ ስልቻውን መሙላት ጀመረ።

እመት አምባዛ ሄደች፣ አረፈች። ሄደች፣ አረፈች። ከመንደሩ ፊት ለፊት ስትደርስ ግን ቆመች። ጀርባዋ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ መተንፈሻ ስንጥቧ ያለከልካል። አበጀም ከወጥመዱ ባዶውን ሲመለስ እዚያው ላይ ተገናኙ፤ ጦሩ በአንድ እጁ፣ ቅሉ በሌላው።

"ውጋት!" አሉ ከዳር የቆሙት። "አበጀ፣ ከኩሬው ወጥታለች፤ ሕጉ አይይዝህም! ውጋትና መንደሩ ይብላ!"

አበጀ ጦሩን አነሳ። ልጁን አሰበ። ትኩስ መረቅ አሰበ። ሚስቱ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ስትጠጣ ታየው።

እመት አምባዛ ቀና ብላ አየችው።

"አበጀ" አለችው፣ "ጀርባዬ ነደደ።"

ይህን ብቻ ነው ያለችው። አትግደለኝ አላለችም፣ አልለመነችውም።

"እመት፣ ወዴት ነው የሚሄዱት? ላይ እኮ ውሃ የለም" አላት።

"የሚመጣውን ልቀበል ነው።"

አበጀ ሰማዩን አየ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና የለችም። ግራ ገባው፣ ፈራም። ግን "ውሃን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች" አለ በልቡ። ጦሩን አሸዋው ላይ ተከለ። የቅሏን ክዳን ነቀለና ከራሷ እስከ ጅራቷ አፈሰሰላት። ጀርባዋ እንፋሎት አወጣ። ቅሏ ውስጥ ጠብታ አልቀረም።

እመትም አሸዋውን እየሰነጠቀች ሄደች፤ ከመታጠፊያው ዞራ ተሰወረች።

ወዲያው እንጉዳይ ልጇን ታቅፋ ደረሰች።

"ውሃዬስ?"

"ለእመት አፈሰስኩት።"

"ለማን?"

"ለእመት አምባዛ። ጀርባዋ ነዶ..."

"እናንተ ሰዎች ስሙልኝ! የሰው ባል ዓሣ ያበላል፣ የኔው ዓሣ ውሃ ያጠጣል!" ሊስቁ የነበሩ ሰዎች ፊቷን ሲያዩ ተዉት። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። "አበጀ፣ ኩሬው ተመርዟል። ንጹሕ ውሃ የቀረችው እዚያች ቅል ውስጥ ነበረች። ልጄ ብትሞት ማንን ልጠይቅ?"

አበጀ ቆሞ አለቀሰ።

ያኔ ነው ድምፁ የተሰማው። መጀመሪያ እንደ ንብ ነበር። ቀጥሎ እንደ ፈረስ ግልቢያ ሆነ። ሦስተኛው ምን እንደሚመስል የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ጆሮውን ይዞ ነበር።

"ደራሽ!" ብሎ አበጀ ጮኸ። "ደጋው ላይ ዘንቧል! ደራሽ ውሃ ነው! ውጡ! ቸኮል፣ ውጣ!"

"አንዷን ልጨምር!"

"ቸኮል፣ ውጣ!"

"ይቺን ብቻ!"

"ቸኮል!"

"ስልቻው አልሞላም!"

ውሃው መጣ። ቀይ ነው፤ ከጎጆ ጣሪያ በላይ ነው፤ ግንድና ቋጥኝ ተሸክሟል። ከሁሉ ፊት፣ ከውሃው አናት ላይ፣ አንድ ጥቁር ጀርባ አለ። እመት አምባዛ ናት! ደራሹን ከፊት ከፊት እየመራች መጣች! ያ መሬት ላይ ሲያለከልክ የነበረ ገላ አሁን ማን ይችለዋል? ሰው ሁሉ በጉልበቱ ወደቀ። እንጉዳይ ልጇን ወደ ላይ አነሳቻት፣ እንድታይ። አራስ ልጅ ምን ታያለች አትበሉኝ፤ አይታለች።

ከመንደሩ ፊት ለፊት ሲደርሱ፣ አበጀ ውሃውን ካፈሰሰባት ቦታ ላይ እመት ዞረች። አንዴ ዞረች፣ ሁለቴ ዞረች፣ ሦስቴ ዞረች። ውሃውም አብሯት እየዞረ አሸዋውን ቆፈረ፣ ቆፈረ፣ ቆፈረ። ከዚያ ጠለቀች።

ቸኮልን ደራሹ ከነስልቻው አነሳው። ስልቻውን ቢለቅ ይዋኝ ነበር፤ አልለቀቀም። ሲመሻሽ ሩቅ ቦታ ሾላ ላይ ተሰቅሎ አገኙት። ነፍሱ አለች፤ ሱሪው የለም። እዚህ ላይ መሳቅ ይቻላል፣ ሳቁ። ስልቻውን አሁንም አቅፎታል። ሲከፍቱት አሸዋ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጎርፉ ጋብ አለ። የታችኛው ኩሬ በአሸዋ ተደፍኖ ጠፍቷል፤ መርዙም አብሮት ሄዷል። በመንደሩ ደጅ ግን ትናንት ያልነበረ ኩሬ ተኝቷል። ጥልቀቱን ለመለካት በገመድ ድንጋይ አስረው ሰደዱ፤ ገመዱ አለቀ እንጂ ድንጋዩ ታች አልነካም። ከዚያ ወዲያ በሰንበሌጥ ዳር ሰው በውሃ ጥም አልተቸገረም።

አበጀ ከሚፈሰው ወንዝ አንድ ወፍራም ዓሣ በመንጠቆ ያዘ። እንጉዳይ በአመድ አሽታ ልጋጉን አስለቀቀች፣ ሆዱን ከፈተች፣ በሸክላ ድስት በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ቀቀለችው። እሳቱን ከደጅ ነበር ያነደደችው። የሸተተው ሁሉ መጣ። መረቁን ስትጠጣ ላብ አጠመቃት፤ ከሰዓት በኋላ ጡቷ አጋተ። ልጅቷ ጠባች፣ ጠባች፣ ጠግባ ስቅ አላት። እንጉዳይ ባሏን ዞር ብላ አየችውና "በል ና፣ አንተ ዓሣ አጠጪ፣ ጉረስ" ብላ በእጇ አጎረሰችው።

ቸኮልስ? እሱም ሸተተውና መጣ። የሰው ጋቢ ተውሶ፣ ራሱን ደፍቶ ከሩቅ ቆመ። ሰው ሁሉ እንጉዳይን ያያል። እንጉዳይ ጭልፋዋን ድስቱ ውስጥ ነከረች።

"እሳቱ ከደጅ ነው፤ ቁጭ በልና ብላ" አለችው። "ስትጨርስ ግን ይቺን ቅል ይዘህ ትወርድና ከኩሬው ትቀዳልኛለህ። ብቻህን።"

ቸኮል በላ፤ ምግቡ ግን አልወርድ አለው። ቅሏን ይዞ ወረደ። መንደሩ ሁሉ ከላይ ቆሞ ያያል። ጎንበስ ሲል ውሃው ጠቆረ፤ እመት አምባዛ ብቅ አለች። ትውጠኛለች ብሎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሲገልጠው እዚያው አለች። አልነከሰችውም፣ አልተቆጣችውም፣ አልተናገረችውም። አየችው። ብቻ አየችው፤ አይታው አይታው ጠለቀች።

ቸኮል ቅሏን ሞልቶ፣ ጠብታ ሳያፈስስ፣ ቀስ ብሎ ዳገቱን ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያገኘውን ሁሉ ከደጅ አንድዶ ጠበሰ፤ ሲቸኩል ያየውም የለም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አድኑ፤ አጥምዱ፤ ጠብሳችሁም ቀቅላችሁም ብሉ፤ ማንም አይከለክላችሁም፣ እኔም እወዳለሁ። ዘር የምትሰጠዋን እናት ግን አትንኩ። እሷን የበላ ሰው የበላው የራሱን ድርሻ አይደለም፤ ገና ያልተወለዱትን ልጆች ድርሻ ነው።

ይኸው ነገርኳችሁ፤ ያላመነ ካለ የራሱ ጉዳይ ነው። በሉ ተነሱ፣ እናቶቻችሁ እየተጣሩ ነው።